አፏን ዘግታ የምትስቀው አምላክ

በርበሬ በረንዳ ያደገ ልጅ አፉን ከፍቶ አይስቅም። ይህን ማንም አያስተምረውም። አንድ ቀን አፉን በርግዶ ሲስቅ የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮው ይገባና እንባው እስኪፈስ ያስለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይጠነቀቃል። እኔና እህቴ የምንስቀው ከንፈራችንን ገጥመን በአፍንጫችን ነው። እምፍ፣ እምፍ እንልና መጨረሻ ላይ ትንሽ ሳል ትከተላለች። ሰርግ ቤት ያገኙን ሁሉ «እነዚህ ሴት ልጆች ጥርስ የላቸውም እንዴ?» ይሉን ነበር። ጥርስማ አለን፤ ለማንም አናሳይም እንጂ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ በረንዳ ላይ በርበሬ ሸጧል። ከጎጃም በልጅነቱ መጥቶ፣ መጀመሪያ በጀርባው ተሸክሞ፣ ኋላ ሚዛን ገዝቶ። እናታችን ገና ትንንሽ ሳለን ስለሞተች ያሳደገን እሱ ነው። ጥሩ አባት ነበር። ግን ግትር! ኧረ እንዴት ያለ ግትር! ከአፉ የወጣ ነገር ተመልሶ አይገባም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት በቀን ሳይናገረው አይውልም። ይህን ተረት የተረተው ሰውዬ ልጅ አልነበረውም መሰለኝ። ቢኖረው ኖሮ ቀስ ብሎ ይተርት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሽማግሌ ነው። የአባቴ ወዳጅ የሆነ አንድ የእህል ጅምላ ሻጭ እህቴን ለልጁ ፈለጋትና ሽማግሌ ላከ። ነጭ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን መጡ፤ እንደ ደንቡ «ተቀመጡ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አባቴ ልቡ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡን ያውቀዋል፣ ምን ይፈለጋል? እህቴን ግን አንድም ቀን አልጠየቃትም። «እንግዲህ ልጅቷ የእናንተው ናት» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እህቴ ለስላሳ የያዘ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔ አላገባም። የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች።

በስመ አብ! ሽማግሌ በቆመበት ቤት የልጅቷ ድምፅ አይሰማም። አለማግባቷንስ ኋላ በዘዴ ይነግሯቸው ነበር፤ አባቴን የገደለው ድምፁ ነው። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አባቴ እነሱን ሸኝቶ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ወዳለው የሚካኤል ሥዕል ዞረና፣ «ሚካኤል ምስክሬ ይሁን፤ ከዛሬ ጀምሮ የዚህችን ልጅ ድምፅ አልሰማም» አለ። ድምፅ አለ እንጂ ዓይኗን አላይም አላለም። ሁላችንንም ጣጣ ውስጥ የከተተን ይህ ነው።

እህቴ ዝም ብላ አብራው መኖር ትችል ነበር፤ ትችል ነበር እንዴ? አልቻለችም። ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከታ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋ ገባች። እኔ ከአባቴ ጋር ቀረሁ። ጠዋት ሱቅ አብሬው እከፍታለሁ፣ ማታ አብሬው እዘጋለሁ፣ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው መንገድ ሲሻገር እጁን እይዛለሁ። «ኦፕራሲዮን ይደረግልህ» ስለው «ለሚዛን እጄ ይበቃኛል» ይለኛል። እህቴ ስትደውል ወጥቼ ከደጅ አነጋግራታለሁ። ተመልሼ ስገባ «ማን ነው?» አይለኝም። ሌላ ሰው ሲደውል ግን ይጠይቃል፤ እንግዲህ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ፊት ለፊታችን የሚሸጡት ጋሼ ደግሞ አንድ ቀን ቴሌቪዥን ገዝተው ሱቃቸው ደጃፍ ሰቀሉ። ለራሳቸው አይደለም፣ ለቀንጣሾቹ ነው። ቀንጣሾቹ የበርበሬውን ጭራ ቁጭ ብለው ሲነቅሉ የሚውሉት ሴቶች ናቸው፤ ማልደው ተቀምጠው እስኪመሽ አይነሱም። ጋሼ «ፊልም ካለ ሌላ በረንዳ አይሄዱብኝም» ብለው ነው። እውነታቸውንም ነበር፤ አመሻሽ ላይ ያ ተከታታይ ፊልም ሲጀምር ከሌላ በረንዳ ሳይቀር ኩርሲያቸውን ይዘው ይመጡ ነበር።

ፊልሙ በአማርኛ ድምፅ የተተረጎመ የውጭ ፊልም ነው። የጥንት የግሪክ አማልክት ከተራራቸው ወርደው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ነጎድጓድ የሚያዘንበው ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ከፍቷል። የባሕሩ አምላክ መኪና ያጥባል። መልእክተኛው በሞተር ሳይክል ምግብ ያደርሳል። የፍቅር አምላክ የምትባለዋ፣ የነጎድጓዱ ልጅ፣ ፀጉር ቤት ከፍታ የሰውን ሁሉ ትዳር እያስተካከለች የራሷን ማስተካከል አቅቷት ከአንድ ተራ አስተማሪ ፍቅር ይዟታል። ቀለል ያለ፣ የሚያስቅ ነገር ነው። አንድ እግሩን የሚያነክስ ብረት ቀጥቃጭ አምላክም አለ፤ ከምን አለሽ ተራ የቀጠቀጡትን ምድጃ ይዘው የሚመጡት ልጆች እሱ ብቅ ሲል «የኛ ሰው መጣ!» እያሉ ያፏጩ ነበር። ቀንጣሾቹ «አማልክት ናቸው ወይስ የመርካቶ ሰዎች? ሁሉም ነጋዴ ሆነዋል እኮ» ይላሉ። አባቴ አያየውም፤ ዓይኑም አይችል። ጀርባውን ሰጥቶ ሚዛኑን ይደባብሳል።

አንድ አመሻሽ ያቺ የፍቅር አምላክ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ሻምፑ ፈሰሰባትና፣ «ኧረ የአምላክ ያለህ!» አለች። በረንዳው በሳቅ ፈነዳ። «ራሷ አምላክ ሆና የማንን አምላክ ትጠራለች?» አለች አንዷ ቀንጣሽ። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ አምላኳ ራሷ ሳቀች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ፈረንጅ አፏን በርግዳ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ትስቃለች፤ ድምፁ ግን እምፍ፣ እምፍ አለና መጨረሻ ላይ ትንሽ ሳል ተከተለው።

«ይቺን ሴትዮ አያችኋት?» አሉ ቀንጣሾቹ፣ «አፏን ከፍታ አፏን ዘግታ ትስቃለች!»

የእህቴ ሳቅ ነው። ወደ አባቴ ዞርኩ። ማንኪያው በርበሬው ውስጥ እንደተሰካ እጁ ቆሟል። ደንበኛ «አባባ፣ ይጨምሩልኝ እንጂ» እያለችው አልሰማትም። ፊቱን አላዞረም፣ ዝጉት አላለም። ፊልሙ እስኪያልቅ እንደዚያው ቆየና፣ ሲያልቅ ለደንበኛዋ ከልክ በላይ ሰፍሮ ሰጣት።

እኔ ወደ ጓሮ ሮጬ ደወልኩላት። «አንቺ ነሽ?» አልኳት። «ሰማችሁኝ?» አለች። ለካ ለፊልም ድምፅ መስጠት ከጀመረች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማይክ ፊት ቆማ፣ የፈረንጇን ከንፈር እያየች ታወራለች። ፈረንጇ ብዙ አውርታ የአማርኛው ቃል ሲያጥርባት «ውይ»፣ «እንግዲህ»፣ «የአምላክ ያለህ» እያለች ትሞላዋለች። ሳቋን ብዙ ጊዜ «አፍሽን ክፈቺ» እያሉ አስደግመዋት እምቢ ስላላት ትተውታል። «አባዬ ሰማ?» አለችኝ። «ሰማ» አልኳት። «ምን አለ?» «ምንም።» አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ በርበሬ በነካ እጄ ዓይኔን ጠርጌ ይባስ አለቀስኩ።

በማግስቱ አባቴ ኩርሲውን ወደ ጋሼ ሱቅ ጠጋ አደረገ። በሚቀጥለውም ቀን እንደገና ጠጋ። ቀንጣሾቹ ሲያወሩ «እስቲ ዝም በሉ፣ ሰው ያዳምጣል» ይላል። ጋሼ ነገሩ ገርሟቸው «ምነው፣ አንተም ፊልም ጀመርክ?» ቢሉት «ለጆሮዬ ነው» አላቸው። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አየሁ። እውነቱን ልናገር? ቅናት አንገበገበኝ። ከሱ ጋር የቀረሁት፣ እያስነጠሰኝ የዋልኩት፣ እጁን የያዝኩት እኔ! ለኔ እንዲህ አዳምጦኝ ያውቃል? ለእህቴ ነግሬያት «እኔ የምናገረውን እኮ አይሰማም፣ አምላክ ስላልሆንኩ ይሆናል» ብላት በአፍንጫዋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም።

አባቴ ግን ሰላም አላገኘም። በሚካኤል ስም የማለ ሰው ነው፤ አልሰማም ያለውን ድምፅ በየቀኑ ኩርሲ አስጠግቶ እየሰማ ነው። እህል አልበላለት አለ። ሲጸልይ ሥዕሉን ወደማያይበት ጥግ ዞሮ ነው። መሐላውን ለማስፈታት ለንስሐ አባቱ መንገር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ ቄስ ሊፈታው የሚችለው ነገር ነው። ግን ለመንገር «ልጄ» ማለት አለበት። ያ ቃል ደግሞ በዚያ እሁድ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ ከቤታችን ወጥቷል።

የንስሐ አባታችን በወሩ ሚካኤል ጠበል ሊረጩ መጡ። እኔ መጋረጃው ወዲያ ዳቦ እቆርሳለሁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አባ፣ አንድ ድምፅ እሰማለሁ» አለ።

«የምን ድምፅ?»

«የሴት።»

«ምን ትልሃለች?»

«አምላክ ነኝ ትላለች።»

ዳቦው ከእጄ ወደቀ። አባ መስቀላቸውን ጨብጠው፣ «ሌላስ?» አሉ።

«ስለ ፍቅር ታወራለች። ትስቃለች። አመሻሽ ላይ ነው የምትመጣው። አልሰማም ብዬ ምዬ ነበር፤ ጆሮዬ እምቢ አለኝ። ካልመጣች ሆዴ ይባባል።»

«ሚካኤል ይጠብቅህ!» አሉ አባ ተነሥተው። «ይህማ የታወቀ ነው።»

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። «አባ፣ ቴሌቪዥን ነው እኮ! ፊልም ነው!»

«ልጄ፣ ሰይጣን በቴሌቪዥን አይገባም ያለሽ ማን ነው?»

«አይደለም አባ፣ ድምፁ እኮ የ...»

«ዝም በይ!» አለ አባቴ፣ በሕይወቱ ጮኾብኝ በማያውቀው ጩኸት። ወደ መጋረጃው ወዲያ ተመለስኩ። እኔ እስከ ዛሬ የማስበው እንዲህ ነው፤ አባ «የማን ድምፅ ነው?» ብለው ቢጠይቁት ይነግራቸው ነበር። ለዚያ ነበር የጀመረው። አልጠየቁትም። «ሱባዔ ግባ፣ ጠዋት ጠዋት ተጠመቅ፣ ያንን ነገርም በጆሮህ እንዳትሰማ» ብለውት፣ ቤቱን ረጭተው ሄዱ። አባቴም የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። ጋሼን ለምኖ የበረንዳውን ቴሌቪዥን አዘጋ፤ የቤታችንን በዳንቴል ሸፈነው። ቀንጣሾቹ «አምላካችንን ማን አባረራት?» እያሉ ተነጫነጩ።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ገና ሳይነጋ ታክሲ ይዘን ወደ ጠበሉ እንሄዳለን፤ ደረቱ በብናኝ የደከመ፣ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ ነጭ ልብስ ለብሶ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይቆማል። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሩ ላይ ጭኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ተናገሪ! ማን ነሽ? ከየት መጣሽ?» ይላል። እኔ ደረቅ ጋቢ አቅፌ ጥግ ላይ ቆሜ፣ በለው፣ ልጄ ናት በለው፣ ከቤቴ ነው የወጣችው በለው እያልኩ ከንፈሬን እነክሳለሁ። የአባቴ ጥርስ ብቻ ይንገጫገጫል። ጋቢውን ሳለብሰው «አልወጣችም» ይለኛል ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ በሱም በአባም በራሴም ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ በሱ።

ሱባዔው ሳያልቅ አልጋ ያዘ። ሐኪሙ ሳንባው ድሮም የተጎዳ እንደነበር፣ ብርዱ እንደጨመረበት ነግሮኝ፣ መድኃኒት ጽፎ ወደ ቤት መለሰን። አነጋገሩ ገብቶኛል። ያ ክረምት ሳይወጣ እንደማጣው ያን ቀን አወቅሁ። ለእህቴ ደወልኩና «ነይ» አልኳት።

«ምን ብዬ? ድምፅሽን አልሰማም ብሏል።»

«ምንም ሳትይ ነያ! እግር የለሽም?»

መጣች። በሩን ከፈትኩላት። አንገቷ ላይ የኮብልስቶን ድንጋይ ተሸክማለች። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ «ማሩኝ» ይላል፤ የተበደለው «ድንጋዩን አውርድ» ካለ ታርቀዋል። እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ከፈረንጅ አማልክት ጋር የምትውለው እህቴ፣ የአያቶቻችንን ደንብ ይዛ ከታክሲ ወርዳ ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ በሕዝብ መሃል ተሸክማው መጥታለች። ወያላው «እናት፣ ለድንጋዩም ሒሳብ አለው» ብሎ ቀልዶባታል። ላብና እንባዋ ተቀላቅሏል።

ገብታ አልጋው አጠገብ አጎንብሳ ቆመች። እንግዲህ ይህን አስቡት! እሷ «ማሩኝ» ማለት አትችልም፣ እሱ ድንጋዩን ማየት አይችልም። እኔ መሃል ላይ እንደ ዕንጨት ተገትሬያለሁ።

«ማን ነው?» አለ አባቴ።

«ሰው ነው» አልኩት።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ዝም ያለ ሰው።»

ደረቱ ሲር ሲር ይላል። «ቴሌቪዥኑን ክፈቺው» አለኝ።

«መብራት የለም አባዬ። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።»

«መብራት አለ ወይ መቼ አልኩሽ? ክፈቺው አልኩሽ እንጂ።»

ዳንቴሉን ገልጬ ማብሪያውን ተጫንኩት። ቀጭ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። እህቴን አየኋት። እሷም አየችኝ። ከዚያ ድንጋዩ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ በዚያች ባለ ፀጉር ቤት አምላክ ድምፅ ጀመረች። «ምነው የነጎድጓዱ ሽማግሌ፣ ዛሬም አምፖልህ ተቃጠለ? ደግሞ ደንበኛ ተቆጥተህ ይሆናል እንጂ!»

አባቴ ፊቱ ፈታ አለ። «ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያማ ሱቁ ጨለመ። ልጁ ሻማ ይዛ መጣች። እሱ ግን ልጄ ናት ለማለት ኮራ። ሞተረኛውም ጠየቀው፣ አንካሳው ቀጥቃጭም ጠየቀው፤ ኮራ። እሷም ኮርታ በሩ ላይ ቆመች። እንግዲህ፣ የአምላክ ያለህ...» ብላ ልትስቅ ሞከረች። እምፍ ብላ ቀረ፤ ሳሉ ብቻ ወጣ። ከዚያ ፈረንጇ ጠፍታ የራሷ ድምፅ መጣ፤ «አባዬ፣ ደረትህን በጣም ያምሃል?»

ጭራሽ የማይባለውን ተናገረች። ከሚካኤል ሥዕል ፊት ለፊት፣ በቀጥታ። አባቴ ፊቱን ወደኔ መልሶ፣ «በያት፣ ድንጋዩን ታውርደው» አለኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከተሸካሚ ጋር ስውል የባለ ሸክም ትንፋሽ የማላውቅ መስሏት ነው? አንገቷ ይቀነጠሳል። ምሳስ በልታለች?»

«አልበላሁም» አለች እህቴ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ ድንጋዩን መሬት ላይ እያስቀመጠች። አልጋው ጠርዝ ተቀምጣ እጁን ያዘች። ማውራት ጀመረች፤ ስለ ጠባቡ ክፍል፣ ስለ ማይኩ፣ አፍሽን ክፈቺ እያሉ ስለሚቆጧት ሰዎች። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «አትክፈቺላቸው» አላት።

ያኔ መብራት መጣ። ማብሪያውን ተጭኜው ስለነበር ቴሌቪዥኑ ቦግ አለ፤ ሰዓቱም ደርሶ ስለነበር ያ ፊልም ነው የያዘው። አምላኳ አፏን በርግዳ፣ በእህቴ ድምፅ፣ ቤቱን ሞልታ ሳቀች። አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ እጁን አወናጨፈብኝ።

«ዝጊው! ዝጊው እንጂ አንቺ! ልጄን እንዳልሰማት አደረገኝ እኮ!»

ዘጋሁት።